የጋጋሪው አውራ ጣትና የሙቀት መለኪያው

እህቴ ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን መድኃኒቷን የማመጣላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተሰልፌ ስጠብቅ የሟቹን ወንድማችንን ልጅ አገኘኋት። ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስታልፍ ነው ያየችኝ። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና ተራዬ እስኪደርስ ከጎኔ ቆመች።

ይህች ልጅ በወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ትሠራለች። ወተቱ ሲሞቅ ሙቀቱን ትለካለች፣ ናሙና ትወስዳለች፣ ደህና ካልሆነ ታስደፋለች። አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደገቻት እህቴ ስለሆነች እሷን አንቺ ትላታለች። እኛን ሽማግሌዎቹን ግን አንቱ ነው የምትለን።

የአክስቷን ነገር ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ያለንን ነገርኳት። ሕክምናው በሽታውን ሲመታ በደሟ ውስጥ ያለውን በሽታ ተከላካይም አብሮ መትቶታል። እሱ እስኪያንሠራራ ጥሬ ነገር እንዳትቀምስ፣ የምትበላው ሁሉ በደንብ የበሰለና ትኩስ እንዲሆን፣ ትኩሳት ከጀመራት ደግሞ ሳይውል ሳያድር እንድናመጣት አስጠንቅቆናል። ሌላውን ሰው ሆዱን ቆርጦ የሚለቀው ነገር እሷን ሊገድላት ይችላል ብሎናል። ይህን የመጨረሻውን የሰማነው ባሏና እኔ ብቻ ነን። ለእሷ አልነገርናትም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ቀሏል።

«ታዲያ ምን ትበላለች?» አለችኝ።

ምንም አልኳት። ሳህኑን ገፋ ታደርገዋለች፤ ሾርባውን አንድ ሁለቴ ጎንጨት ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከሆስፒታል የወጣች ዕለት ግን መኪናው ውስጥ ሆና ለባሏ «ያንተ የፍም ዶሮ አማረኝ» አለችው። ሰውየው ይህን እንደ አዋጅ ነው የሰማው። ነገ የእረፍት ቀን ስለሆነ ጓሮ ውስጥ ፍም አቀጣጥሎ ሊጠብስላት ዶሮ ገዝቶ አስቀምጧል።

ልጅቷ የያዘችውን ቦርሳ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«አጎቴ፣ የጋሼን ዶሮ በልቻለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «ይጣፍጣል። ግን አንድ ጊዜ የደረሰኝ ቁራጭ ከአጥንቱ ጋር ሮዝ ነበር። ሳህኔ ጠርዝ ላይ አጥንት ስር ደብቄው ተነሣሁ። ሁላችንም ጤነኞች ስለነበርን፣ እሳቸውንም ማሳፈር ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። ነገ ግን ዝም ማለት የምችል አይመስለኝም።»

ዶሮው ይቅርባት ማለት ቀላል ነበር። ግን ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር አማረኝ ሲል ያን ነገር መከልከል ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ልጅቷም ይህን ተረድታለች። መፍትሔው መከልከል ሳይሆን መብሰሉን ማረጋገጥ ነው አለችኝ። የሥራ ባልደረባዋ ውጭ አገር ያለች እህቷ የላከችላት የሥጋ ሙቀት መለኪያ እንዳላት፣ ተውሳ ይዛ እንደምትመጣ ነገረችኝ። የእህቴ ባል እንደማይቀበላት ነገርኳት። እሷም ቢያንስ ከጎኔ ይቁሙ አለችኝ። እቆማለሁ አልኳት። ልናገር ግን ቃል አልገባሁም።

*

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ ጋጋሪው ነው የሚለው። ዕድሜውን የጨረሰው በዳቦ ቤት ምድጃ ፊት ነው። የምድጃውን ሙቀት ሊያውቅ ሲፈልግ እጁን ወደ ምድጃው አፍ ያስጠጋና ምን ያህል እንደሚታገሥ ያያል። ወይም ቆንጠር ዱቄት ይበትንና ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጠቁር ይመለከታል። ዳቦው ሲወጣ ገልብጦ ሥሩን ያንኳኳል። የበሰለ ዳቦ ሲመታ እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል፤ ያልበሰለው ድምፁ የታፈነ ነው። እጁን ያምናል፤ ያሳፈረውም ጊዜ ጥቂት ነው። ጡረታ ሲወጣ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ላይ የብረት ፍርግርግ አጋድሞ ጓሮው ውስጥ ጥብስ ጀመረ። ያንኑ እጁን ይዞ ነው የጀመረው። ችግሩም እዚያ ላይ ነበር።

በነጋታው ልጅቷና እኔ ስንደርስ ከሰሉ ተያይዟል። ጋጋሪው የዳቦ ቤቱን ነጭ ቆብ ደፍቶ ያራግባል። በፍርግርጉ ጥግ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል። ጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኙ እግሩን አጣምሮ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እህቴ ጥላው ስር ወንበር ላይ ትራስ ተደግፋ፣ ሻርፕዋን እስከ ግንባሯ ስባ ተቀምጣለች። እጆቿ ከጭኗ ላይ አልተነሡም። ሽታው ሲደርሳት ግን ፊቷ ወደ እሳቱ ዞረ። ለብዙ ቀን እንዲህ ወደ ምግብ ስትዞር አላየኋትም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ትሪውን ነው። ጋጋሪው ጥሬውን ዶሮ ለሁለት ሰንጥቆ ያመጣበትን ትሪ ጎኑ አስቀምጦት ነበር። የበሰለውን በምን እንደሚያነሣው ጠየቀችው። በዚያው አላት። የጥሬው ፈሳሽ የበሰለውን እንደሚያበላሽ አስረዳችውና ሌላ ንጹሕ ትሪ ከቤት አመጣች። እሱም እያጉረመረመ ተቀበላት። ትሪ ቀላል ነው፤ ክብር አይነካም።

ቀጥላ ግን እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዶሮው መብሰሉን በምን ያውቃሉ?»

አውራ ጣቱን ቀሰረላት። «በዚህ። ቆዳው ወርቅ ሲመስል፣ የሚወርደው ፈሳሽ ጥርት ሲል፣ ከጣቴ ስር ጠንከር ሲል በስሏል ማለት ነው።»

ከቦርሳዋ መለኪያውን አወጣች። ራሱ ላይ ቁጥር የሚታይበት ትንሽ መስኮት ያለው የብረት መርፌ ነው። ጋጋሪው አገላብጦ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?»

«የሙቀት መለኪያ ነው ጋሼ።»

«ዶሮዋ አተኮሳት እንዴ?»

ሰዓት ጠጋኙ ሳቁን ለቀቀው። «ብብቷ ስር ነው ወይስ ምላሷ ስር የሚገባው? ምላሷ እንኳ ከጭንቅላቷ ጋር ቀርቷል» አለ። እህቴ ፈገግ አለች። ልጅቷም አብራ ሳቀችና ቦታው ጭኗ ላይ ሥጋው የወፈረበት እንደሆነ፣ አጥንት ግን መንካት እንደሌለበት፣ አጥንቱ ከሥጋው ሙቀት የተለየ ቁጥር ሰጥቶ እንደሚያሳስት ነገረቻቸው። የዶሮ ውስጡ ሰባ አራት ሲደርስ ነው የሚበላው አለች።

«ሰባ አራት ምን?»

«ሰባ አራት ዲግሪ።»

«ዲግሪስ ያለሽ አንቺ ነሽ። ዶሮዋ ከየት ታመጣለች?»

እንደገና ተሳቀ። ጋጋሪው ሳቁን ከጎኑ ሲያገኝ ደፈረ። «ስሚኝ ልጄ» አላት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እኔ በእሳት ፊት አርጅቻለሁ። አባቶቻችን ያለዚህ ሽቦ ጠብሰው በልተው ኖረዋል።»

«ኖረዋል ጋሼ። የታመሙም ነበሩ። ግን አንዱን ሆዱ ሲያጣድፈው ምች መታው ይባላል፣ ሌላውን ውሃው አልተስማማውም ይባላል። ዶሮው ተጠርጥሮ አያውቅም።»

«እኔ ዓይን አለኝ። ጥሬ የሆነ ነገር ይታየኛል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት ባቀርብልዎት፣ አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ሞቆ የቀዘቀዘ፣ በዓይን ይለዩታል?»

አሰበ። «በዓይን አልለየውም» አለ።

«እኔም አልለየውም፤ ሥራዬ ሆኖ። አንዱ ግን ሰው ያሳምማል። በሽታ አምጪ ጀርሞቹ በዓይን አይታዩም፤ ቀለምም የላቸውም። የሚገድላቸው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ አይታይም።»

«ዶሮ ወተት አይደለም።»

«አይደለም። ዳቦም አይደለም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ዳቦ ሳይበስል ቢወጣ ምን ይሆናል?»

«ውስጡ ሊጥ ይሆናላ። ሰው ይመልሰዋል። እኔም አፍራለሁ።»

«ያልበሰለ ዳቦ ያሳፍራል። ለዚህ ነው እጅዎ ዳቦን የተማረው፤ በተሳሳተ ቁጥር ሰው ይመልስለታል። ያልበሰለ ዶሮ ግን አያሳፍርም። ይጣፍጣል። ሰው ሳህኑን ጠርጎ፣ እጅዎ ይባረክ ብሎ ይሄዳል። ጉዱ የሚወጣው በማግሥቱ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ተመልሶ መጥቶ ለእጅዎ አይነግረውም።»

እዚህ ላይ ሳቁ ቆመ። ጋጋሪው ማራገቢያውን አስቀመጠ። ሚስቱ እንዳትሰማው ቀረብ ብሎ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሚስቴን ልገድላት ነው የምትዪኝ?» አላት።

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። እኔም ከጎኗ እንደቆምኩ ቀረሁ። አዎ ማለት ጭካኔ ነበር፤ አይደለም ማለት ደግሞ ውሸት።

ነገሩን የቋጨችው እህቴ ነች። ከወንበሯ ሆና «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? ልጅቷ ለክታ ትረፍ። ምን ይጎድልብሃል?» አለች። ስትናገር ትንፋሿ ይቆራረጣል። ጋጋሪው ለእሷ ሲል እሺ አለ። ግን የሚለካው እሱ ራሱ እንዲሆን ጠየቀ። ልጅቷ መርፌው የሚሰካበትን ቦታ አሳየችውና መለኪያውን ሰጠችው።

*

ቆዳው ወርቅ መሰለ። ፈሳሹ ጠራ። ጋጋሪው በአውራ ጣቱ ተጫነውና «በስሏል» አለ። ከዚያ ልጅቷ እንዳሳየችው መርፌውን ጭኑ ላይ ሰካ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ሰባ አራትን ሲያልፍ ጋጋሪው ቀና አለ። መቶን አለፈ። መቶ አርባ ላይ ቆመ።

«አንብቢው» አላት።

አነበበችው። «መቶ አርባ።»

«አንቺ ሰባ አራት አልሽ። የጋጋሪው ዶሮ መቶ አርባ። እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?»

ሰዓት ጠጋኙ ጭኑን መታ። «የፋብሪካው ወተትም እዚህ መጥቶ ይፍላ» አለ። እኔም እውነቱን ለመናገር ትንፋሼ ተመለሰ። ጋጋሪው ዶሮውን አነሣና በንጹሑ ትሪ ላይ አጋደመው። ካራውን ስሎ ምርጡን፣ ከጭኑ የውጭውን ወፍራም ሥጋ ከነቆዳው ቆርጦ በሳህን ለሚስቱ ወሰደላት። እህቴ በጣቶቿ አነሣችውና እፍ አለችበት።

ልጅቷ ግን ከፍርግርጉ አጠገብ አልተነቃነቀችም። መለኪያውን ይዛ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ተሸንፋ ያፈረች መስሎኝ ነበር። ድንገት ዘወር አለችና ሄዳ የአክስቷን እጅ ያዘች።

«አክስቴ፣ አትብዪ።»

ጋጋሪው ፊቱ ተለወጠ። «አሁንስ አበዛሽው» አለ። «እለካለሁ አልሽ፣ ተለካ። ካልሽው አለፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።»

«ጋሼ፣ ይታገሡኝ። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ በመቶ ይፈላል። ውስጡ መቶ አርባ ቢሆን ኖሮ ደርቆ ከሰል በሆነ እንጂ ካራው እንዲህ በቀላሉ ባልቆረጠው። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን አይችልም።»

«እንግዲያው ሽቦሽ ዋሽቷል።»

«ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ አላወቅኩበትም።»

«እናየዋለን» አለና ጋጋሪው የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፈተ። ውሃው ይንተከተካል። «ይኸው የፈላ ውሃ። ስንት ማለት አለበት?»

«መቶ፤ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ።»

መርፌውን ነከረው። ቁጥሩ መቶን አለፈ። መቶ ሃምሳን አለፈ። ሁለት መቶንም አልፎ ከዚያ በኋላ ቆመ።

ማንም አልሳቀም። ጋጋሪው መለኪያውን ከአጥሩ በላይ ሊወረውረው እጁን ሲያነሣ አየሁት። ልጅቷ ቀስ ብላ ተቀበለችው፣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ ከዚያም ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከቁጥሩ ጎን እንደ ዝንብ እግር የቀጠነች አንዲት የፈረንጅ ፊደል ነበረች። ፊደሏ «ኤፍ» ነች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ፋብሪካችን ያሉት መለኪያዎች በሙሉ በሴልሺየስ ነው የሚቆጥሩት። ይሄኛው በፋራናይት ላይ ነው የተደረገው። ሌላ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ ሳላይ ሰጠሁዎት።»

«ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው?»

«እንደ ክንድ ነው ጋሼ። የእርስዎ ክንድና የእኔ ክንድ እኩል አይደለም። ጨርቁ ያው አንድ ጨርቅ ነው፤ በእርስዎ ክንድ ሰባት የሆነው በእኔ ስምንት ይሆናል። በዚህኛው ክንድ ዶሮ የሚበስለው መቶ ስልሳ አምስት ላይ ነው። የእኛ ገና መቶ አርባ ነበር።»

ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነች። ፊደሏ ተለወጠች። መርፌውን የፈላው ውሃ ውስጥ ስትነክረው መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ጠርጋ ዶሮው ጭን ላይ ሰካችው። ስልሳ እንኳ አልሞላም። ካራውን ተቀብላ ሥጋውን እስከ አጥንቱ ድረስ ከፈተችው። ከውጭ ወርቅ የሆነው ሥጋ አጥንቱ ዘንድ ሲደርስ የሚያብረቀርቅ፣ ውሃ ያዘለ ሮዝ ነበር።

ጋጋሪው ሥጋውን አየ። ከዚያ የሚስቱን ጣቶች አየ፤ ቅባቱ ያብረቀርቅባቸዋል። ቧንቧው ዘንድ ሄደ፣ ውሃና ሳሙና ይዞ መጣ፣ ፊቷ ተንበርክኮ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠበላት። እሷም እጆቿን ሰጠችው።

*

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ብዙ ሰው ወደ ኋላ የሚመለሰው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። የተማረ ሰው አንድ ጊዜ ሲሳሳት ካየ፣ ሰውየውንም ትምህርቱንም አብሮ ይጥላል። ጋጋሪውም እንዲህ ቢያደርግ አልፈርድበትም ነበር። የለብለብ ትምህርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ ቢል መልስ አልነበረንም። ልጅቷም የፈራችው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ራሷን አቀርቅራ ቆማለች።

እሱ ግን ጡብ ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን አገላብጦ አየና እንዲህ አለ፦

«ቆዳው ወርቅ ነበር። ጣቴም በስሏል አለኝ። አሁንም ብጠይቀው በስሏል ነው የሚለኝ።»

«ጋሼ፣ እኔም ተሳስቻለሁ።»

«ተሳስተሻል። ግን አንቺ ስትሳሳቺ የፈላ ውሃ ነገረሽ። እኔ ስሳሳት ማን ይነግረኛል?»

ይህን ያለው ለራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ተጨማሪ ክርክር አላስፈለጋትም። ዳቦ ቤት እያለ ሚዛኑን በየጊዜው በታወቀ የብረት ክብደት እንደሚፈትን፣ ሚዛን ስለተዛባ ሚዛን የጣለ ሰው እንደሌለ እሱ ራሱ አስታወሳት። እሷም በፋብሪካቸው መለኪያዎቹ እንዲሁ እንደሚፈተኑ ነገረችው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» አለች። እሱም ጠርጣሪ ዘመድ ያለው ሰው ዕድሜው ረጅም ነው ብሎ መለሰላት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት ያያት ያን ጊዜ ነው።

ዶሮው ወደ ፍሙ ተመለሰ፤ ትሪው፣ ሳህኑና ካራውም በሳሙና ታጠቡ። ቆዳው እንዳያርር ከሰሉን ወደ ጥግ ሰብስቦ፣ በበርሜሉ ሌላ ቁራጭ ቆርቆሮ ከደነው። ከቀረው ዶሮም ወፍራም ወፍራሙን እየለካ ነው የጠበቀው። በለካ ቁጥር መርፌውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥባል፤ ጥሬውን የነካ መርፌ የበሰለውን እንዳያበላሽ። ልጅቷ ይህን አንድ ጊዜ ነው የነገረችው። መለኪያው ስልሳ ስምንት አለ። ሰዓት ጠጋኙ ራበኝ ሲል ጋጋሪው ዞር ብሎ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለው። ሰባ አንድ አለ። እህቴ ከወንበሯ ፈቀቅ ብላ ትመለከታለች። እኔ የማየው እሷን ነው፤ አምሮቷ እስከዚያ ድረስ እንዳይጠፋ ሠግቻለሁ። ሰባ ስድስት ሲል በሌላኛው ጭን ደገመ፣ በደረቱም ደገመ። ሦስቱም ከሰባ አራት በላይ ነበሩ።

«ጋጋሪው ዲግሪውን ያዘ» አለ ሰዓት ጠጋኙ።

እህቴ በላች። ትኩሱን፣ እፍ እያለች፣ ቀስ ብላ በላች። ጨረሰችና ሳህኑን ገፋ አላደረገችውም፤ አነሣችው። ባሏ ሁለተኛ ቁራጭ ሊያወጣላት ሲነሣ ያንን ደግሞ ለካው። ሥጋው ሲቆረጥ ጭማቂው ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ነው የመለኪያውን ሌላ ጥቅም የተረዳው። ከዚህ በፊት ጥሬ እንዳይሆን ሲሠጋ ሥጋውን እንደ ጫማ ሶል እስኪደርቅ ያሳርረው ነበር፤ ሳይሠጋ ሲቀር ደግሞ ውስጡን ጥሬ ያወርደዋል። መሐሉን የሚያገኘው በዕድል ነበር። አሁን ከፍም ላይ ማንሣት ያለበትን ሰዓት ያውቃል፤ ሥጋው አይደርቅም፣ ከሰሉም በከንቱ አይነድም።

ያን ዕለት ሳንለያይ ልጅቷን ብዙ ነገር ጠየቃት። እኔም የሰማሁትን ለአንባቢ አስተላልፋለሁ፤ ለሰው ብለው ቢያሙ ለእኔ ብለህ ስማ ነውና። ዶሮ የትኛውም ክፍሉ ሰባ አራት ይድረስ። የተፈጨ ሥጋ ሰባ አንድ ይድረስ፤ ሲፈጭ የውጪው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከላይ መጥበሱ ብቻ አይበቃውም። ያልተፈጨ ሙዳ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ስልሳ ሦስት ደርሶ ከእሳቱ ከወረደ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ይረፍ። እንደ እህቴ ሰውነቱ የደከመ ሰው ላለበት ቤት ግን ከዚህም በላይ ማብሰል ይሻላል፤ ሐኪምም መጠየቅ ነው። ጥሬ የነካ ትሪ፣ መቆንጠጫና ካራ ሳይታጠብ የበሰለ አይንካ። የተረፈው ሥጋ ደጅ አይዋል፤ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ ሙቀቱ የበረታ ቀን ከሆነም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ ማቀዝቀዣ ይግባ። መለኪያውን ደግሞ በየጊዜው የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መፈተን፣ በየትኛው ክንድ እንደሚቆጥርም ፊደሉን ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ አንድ ሰው ጫማውን ለማሰር ከሚወስድበት አይበልጥም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

እጅ ይናቅ አላልኩም። የጋጋሪው እጅ ከሰሉን የት እንደሚሰበስብ፣ ቆዳው መቼ እንደሚገለበጥ ከማንም በላይ ያውቃል። የማያየውን ነገር አያለሁ እንዳይል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ ቀላል አልነበሩም። እነሱ ቤት እያደርኩ፣ እህቴ ስታስል እነሣለሁ፣ ዝም ስትል እነሣለሁ። ያቺ በጣቶቿ የያዘቻት ቁራጭ ከንፈሯን ነክታ እንደሆነ እንጃ። ጋጋሪውም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ በበሯ ላይ ግን በየጊዜው እንገናኝ ነበር። ትኩሳቱ አልመጣም።

በቀጠሮዋ ቀን እህቴ፣ ባሏና እኔ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የደሟን ውጤት አይቶ ተከላካዩ ማንሠራራት መጀመሩን፣ ክብደቷም ትንሽ መጨመሩን ነገረን። ከዚያ ቀና ብሎ ምን እየበላች እንደሆነ ጠየቃት። እህቴ አፏን ስትከፍት ባሏ ቀደማት። ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

«ሰባ አራት» አለ።